የቀረችው ልጅ ጋውን

ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ የሆነ ነው።

ማመን ያልፈለገ አይመን። ለማሳመን አይደለም የምጽፈው። ብቻዬን መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

ደግሞ እዚህ ቻናል ላይ እንደለመዳችሁት መብራት የጠፋበት ቤትና እኩለ ሌሊት አትጠብቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ትምህርት ቤታችን፣ ፎቁ ላይ፣ የገዛ ክፍላችን ውስጥ። ለምረቃችን አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። ብትጠይቋቸው ግን አይነግሯችሁም።

መጀመሪያ ስለ ቀሪዋ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ትምህርት ቤቱ የሴቶች ነው። እኔ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ የመጣሁት ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበር። ሌሎቹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው አንድ ላይ ናቸው። እና አንድ ብልሃት ነበራቸው...

መስታወት ይሰበራል። አስተማሪው «ማናት የሰበረችው?» ይላል። ክፍሉ በአንድ አፍ ይመልሳል፦

«ዛሬ የቀረችው ልጅ ናት።»

በቃ። የቀረች ልጅ አትቀጣም። አስተማሪውም ነገ አጣራለሁ ይላል፣ ነገ ደግሞ ይረሳዋል።

የቀረች ልጅ ግን አልነበረችም። ጭራሽ ያልተፈጠረች ልጅ ናት። ስም እንኳ አላወጡላትም፤ «ቀሪዋ» ነው የሚሏት። መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ መቀመጫ ሳይቀር ሰጥተዋታል። እዚያ ቦታ ላይ ቦርሳ አይቀመጥም፣ ሰውም አይቀመጥም።

ዳስተር ሲጠፋ... ቀሪዋ። መጋረጃ ሲቀደድ... ቀሪዋ። አስተማሪው ወንበር ላይ ማስቲካ ሲገኝ... ቀሪዋ።

የገባሁ ቀን መቀመጫ ሳጣ ወደዚያ ዴስክ ሄድኩ። ዴስኩ ሦስት ሰው ይይዛል። በመተላለፊያው በኩል ሳቂታ የሚሏት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። አልፌያት ወደ መስኮቱ ልጠጋ ስል የክፍሉ አለቃ ከፊት ዞር አለች።

«መሀል ላይ ተቀመጪ» አለችኝ። «የመስኮቱ ሰው አለው።»

ክፍሉ ሳቀ። ከመሀላቸው አንዷ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብላ ተረተችብኝ። እኔ ቁርበት አልጠየቅኩም፤ መቀመጫ ነው የጠየቅኩት።

ዴስኩ ደግሞ ወደ መስኮቱ ያጋደለ ነው። እስክሪብቶ ካስቀመጥኩ እየተንከባለለ ወደዚያ ይሄዳል። እግሩ አጥሮ ነው ብዬ ካርቶን አጥፌ ከስሩ ሸጎጥኩለት። አልተስተካከለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተስተካከለም።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ «አዲሷ» ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን። ከሳቂታ በቀር «ምሳ በላሽ?» ብላ የጠየቀችኝ ልጅ የለችም። ጠልቻቸዋለሁ። ይህንንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፣ በመርፌና በክር። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ለምረቃ ጥቂት ሲቀራት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የእኔ መምጣት ነው። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ግን ጋውን የለበሰ ልጅ መንገድ ላይ ካየች ቆማ ታያለች።

ስለዚህ የክፍላችንን ጋውን እንድትሰፋ ሲሰጣት ደስታዋ ለጉድ ነበር።

«መድረክ ላይ ስትወጪ ልይሽ እንጂ» ትለኛለች፣ «ሌላ አልመኝም።»

ያ መድረክ የእኔ ብቻ አልነበረም።

ከምረቃው ሁለት ቀን በፊት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋውኖቹ ሁሉ ተተኩሰው ተሰቅለዋል። አንዱ ብቻ የስፌት መኪናው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ጋውን አይቼ አላውቅም። ሁለት ሰው ያስገባል።

«እማዬ፣ ይሄ የማነው?»

«የጓደኛሽ ነዋ» አለች፣ ጠርዙን እየዘመዘመች።

«የቷ ጓደኛዬ?»

«አጠገብሽ የምትቀመጠው።»

«ሳቂታ? እሷ እኮ ቀጭን ናት።»

«ሳቂታንማ አውቃት የለ እንዴ። ያቺኛዋ... በመስኮቱ በኩል ያለችው።»

ክው አልኩ።

እናቴ ቀና አላለችም። «ልጆቹ ሁሉ ተለክተው ከሄዱ በኋላ ብቻዋን መጣች። ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ። ግን አንድ ነገር ገርሞኛል። ፊቷ ከሲታ ነው። አንገቷም ቀጭን። ሜትሩን ሳዞርባት ግን አልደርስ አለኝ።»

«አልደርስ አለሽ?»

«አልደርስ አለኝ ስልሽ። ክንድሽን አንሺ ብላት ደግሞ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው አቃሰተች። ምን ይሆን ሕመሟ? ታሳዝናለች።»

ልጆቹ ናቸው አልኩ በሆዴ። አንዷን ልብስ ደራርበውባት ልከዋት ነው። ከእነሱ የማይጠበቅ ነገር የለም። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ያን ሁሉ ጨርቅ ፈጅታ መቀለጃ መሆኗን ከምነግራት ምላሴን ብውጥ ይሻለኛል።

ጋውኑን ጨርሳ ከሌሎቹ ጋር ሰቀለችው። መስቀያው ጎበጠ።

አሁን ወደዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ልመልሳችሁ።

እትዬ የሚሏት ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቱን የምታጸዳ። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት ደረጃው ላይ ዘይት ፈስሶ፣ ባልዲዋን እንደያዘች ተንሸራታ ወደቀች። ግራ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ሥራዋም ቀረ። ያኔም ማናት ሲባል ክፍሉ ያንኑ የለመደውን መለሰ።

«የቀረችው ልጅ ናት።»

በምረቃችን ሳምንት እትዬ በምርኩዝ እየተጎተተች መጣች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቹ ሳይበተኑ ማን እንደሆነች ልወቅ።»

ዳይሬክተሩ በዚያ ዓመት የመጣ ሰው ነው፤ ጨከን ያለ። እትዬን አጠገቡ አቁሞ ነገረን። «አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ። ካልነገራችሁኝ ነገ መድረክ የሚረግጥ የለም።»

በሩን ዘግተን ተቀመጥን።

አለቃዋ ከፊት ቆመች። አፏ ቅቤ ልቧ ጩቤ የሚሏት ዓይነት ናት።

«ያው መለያየታችን ነው» አለች፣ ድምጿን አለስልሳ። «አራቱን ዓመት እናስታውስ። ግን እያንዳንዳችን ቀሪዋ ላይ ያላከክነውን የየራሳችንን እንውሰድ። እንዲህ ስንል የዘይቱም ባለቤት ትወጣለች። እኔ ልጀምር... ጠመኔውን ውኃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ።

ሲጥ...

የእኛ ዴስክ ነው። በመስኮቱ በኩል።

«የፊዚክስ አስተማሪውን መነጽር የደበቅኩት እኔ ነኝ» አለች የፊተኛው ዴስክ ልጅ።

ሲጥ...

አንድ ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

«መጋረጃውን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ሲጥ...

ሳቂታ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ዴስኩን አታወዛውዢ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

አንገቴን ቀጥ አድርጌ ወደ ሰሌዳው ብቻ አየሁ። ያን ሰፊ ጋውን እያሰብኩ ነበር።

ተራው ወደ ኋላ እየመጣ ነው። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ትስቃለች። ትዝታቸው ደስ አሰኝቷቸዋል። «ያቺ ቀሪዋ ባትኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» ይላሉ። አንዷ በናፍቆት ዓይኗን ጠረገች።

እስክሪብቶዬ ዴስኩ ላይ ነበር። እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ አልሄደም። ባለበት ቆሟል...

ከዚያ ወደ ሳቂታ መንከባለል ጀመረ።

ዴስኩ እየተስተካከለ ነው። አልፎም በመስኮቱ በኩል ከፍ እያለ ነው። ከጎኔ አንድ ሰው እየቀለለ እንደሚሄድ...

ሳቂታ ተራዋ ደረሰ። «ዳስተሩን በመስኮት የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለች።

እፎይ...

ግራ ጆሮዬ ስር ነው የሰማሁት። በግራዬ ያለው መስኮቱ ብቻ ነው።

«አዲሷስ?» አለች አለቃዋ።

«እኔ ቀሪዋ ላይ ያላከክሁት የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

አለቀ። ሁሉም ተናግሯል። ዘይቱን የነካ ግን የለም። ሳቁ ቆመ። አሥር ሰዓት እየተቃረበ ነው። ከታች፣ ከደረጃው በኩል፣ የእትዬ ምርኩዝ ይሰማል። ቋ... ቋ... ቋ...

ያኔ ነው ያናገረችኝ።

«ይሄኛውስ የማነው?»

የልጅ ድምፅ ነው። በጣም የደከማት ልጅ። አልዞርኩም። ዓይኔን ብቻ ወደ ፊት እንዳደረግኩ የአለቃዋን እግር አየሁ። ይንቀጠቀጣል። ያን ዘይት ማን እንዳፈሰሰው ያን ሰዓት ገባኝ።

አለቃዋም እንደገባኝ ገብቷታል።

«ስሙኝ» አለች ቶሎ ብላ። «እትዬ የምትፈልገው አንድ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ማን መቼ እንደገባ አያውቅም።» ዓይኗ ክፍሉን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። «አዲሷ ትውሰደው።»

«እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም» አልኩ።

«ማን ፋይል ያገላብጣል?»

«ነገ እናቴ...»

«እናትሽ ጋውኑን ሰፍታ ጨርሳለች አይደል?» አለች የፊተኛዋ። «እንግዲህ ምን ቀራት?»

«የምትስማሙ እጅ አውጡ» አለች አለቃዋ።

አንድ እጅ ወጣ። ሌላም ወጣ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ብዙ ሆኑ። ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ፣ ከእነሱ ግን አንዳቸውም ስሜን ጠርተው አያውቁም።

«እኔማ እንደውም...» አለች መጋረጃውን የቀደደችው፣ ቀስ ብላ። «የዘይቱን ጠርሙስ ይዛ ደረጃው ላይ ሳያት ትዝ ይለኛል።»

«እኔም ትዝ ይለኛል» አለች ሌላዋ።

ዓይናቸውን አየሁት። እየዋሹ አልነበረም። እውነት ትዝ ብሏቸዋል። ካለመዋሸታቸው ይልቅ መዋሸታቸው በተሻለኝ ነበር።

ሳቂታ እጇን አላወጣችም። ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ስር ደብቃ ታለቅስ ነበር። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ዓይኔ ደም ለብሷል። የሚታየኝ ነገ ከሰው ሁሉ ቀድማ የፊት ወንበር ይዛ የምትጠብቀኝ እናቴ ናት። ስሜ ሳይጠራ ሲቀር አንገቷን እያሰገገች ስትፈልገኝ...

«ይሄኛውስ የማነው?» አለች ያቺ፣ ይበልጥ ተጠግታ።

«የሁላቸውም ነው» አልኩ ከጥርሴ መሀል። «አካፍያቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ዴስኩ ተንገጫገጨ። ከእግሩ ስር የሸጎጥኩት ካርቶን በራሱ ጊዜ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ገባ፣ እትዬም ከኋላው።

«እሺ?» አለ። «ማናት?»

አለቃዋ ብድግ አለች። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «አዲሷ ና...»

ግራ እግሯ ከዳት። ቁጭ አለች።

ከፊት ያለችው ልጅ ልትጨርስላት ተነሳች። እሷም ቁጭ አለች። ባለ መጋረጃዋ ተነሳች... ቁጭ። በየዴስኩ አንዷ ስትነሳ፣ አንዷ ስትወድቅ፣ የጮኸች ግን የለችም። ግራ ዳሌያቸውን ይዘው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ከዚያ ሳቂታ ተነሳች።

ለምን እንደተነሳች አውቃለሁ። እውነቱን ልትናገርልኝ ነው። «እሷ አይደለችም፣ እሷ ያኔ...» ብላ ጀመረች። እግሯ ከዳትና ክንዴን ይዛ እላዬ ላይ ወደቀች።

«እሷን ተያት» አልኩ ወደ መስኮቱ። «እሷን አላልኩሽም።»

ሳቂታም ግራ ዳሌዋን ያዘች።

እትዬ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። አንድ እግሯን አነሳች፣ አስቀመጠች። ሌላውንም። ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም፤ እንደ ተሰረቀ ሰው እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ትዳብሳለች።

«ይተዉአቸው ጋሼ» አለችው ዳይሬክተሩን። «ቀለለኝ።»

ከመውጣቷ በፊት ወደ እኛ ዴስክ አየች። ወደ እኔ አይደለም፤ ከእኔ በግራ በኩል።

«አንቺም አረፍሽ?» አለች።

ቀጥ ብላ እየተራመደች ወጣች። ምርኩዟ እዚያው ቀረ።

በነጋታው ተመረቅን።

እናቴ እንዳሰብኩትም የፊት ወንበር ላይ ነበረች። ልጆቹ ስማቸው እየተጠራ አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ጋውኑ ስለሚሸፍነው ወላጆች «ይሄ አዲስ ጫማ» እያሉ ይስቃሉ። አለቃዋ ሽልማት ስትቀበል ለፎቶ ፈገግ አለች፤ ላቧ ግን በአገጯ ይንጠባጠባል። ሳቂታ ደረጃውን በሁለት እጇ ተደግፋ ነው የወጣችው።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

እናቴ ተነስታ አጨበጨበች። እንባዋ ይወርዳል። ያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ አለፈ። ወደ ኋላዬ አየችና እንደገና አጨበጨበች።

ከእኔ በኋላ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ጠርዙ ወለል የሚጠርግ ጋውን ብቻ ከኋላዬ ይሰማኛል። ሰፍቶት የሚጎተትበት ሰው እንደለበሰው...

ከመድረክ ስወርድ ሳቂታ ጠብቃ ያዘችኝ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

«"አካፍያቸው" ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምን አደረግሽን?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማናት?»

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ይቅርታ ልላት እችል ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ወዳጄ እሷ ብቻ ነበረች። ግን እናቴ አበባ ይዛ ወደ እኛ እየመጣች ነው፣ ያን ቀን እንዲበላሽባት አልፈለግኩም።

«የቀረችው ልጅ ናት» አልኳት።

ሳቂታ ክንዴን ለቀቀችው። እየተጎተተች ሄደች።

እናቴ አቅፋ ሳመችኝና ሥራ አለብኝ ብላ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች። እኔ ፎቶ ስነሳ ቆይቼ ደረስኩ። ገና ፀሐይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እናቴ ውስጥ ታወራለች።

«ክንድሽን አንሺ... እንዲህ። አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በይ።»

ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ሜትሯን ይዛ ባዶ ቦታ ፊት ቆማለች።

«እማዬ... ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከጓደኛሽ ጋር ነዋ» አለች ሳትዞር። «ምስኪን፤ መድረክ ላይ እንኳ ሰፍቷት ሲጎተት አይቼው ነበር። አሁን ደግሞ ጠበበኝ ብላ መጣች።»

ሜትሩ አየር ላይ ዞሮ ቆሟል። የነካው ነገር የለም፤ ግን አልወደቀም። እናቴ ሁለቱን ጫፎች ይዛ ለማገናኘት ትጎትታለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ጫፎቹ እናቴ እጅ ውስጥ ቀስ እያሉ ይራራቃሉ።